ካሴቱ ስንት ተሸጠ? መርካቶ ያውቃል፣ ዘፋኙ አያውቅም

እንግሊዞች የዘፈን ሽያጭ ደረጃቸውን ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሳምንቱ ይመዘግባሉ። በሲንተሳይዘር የሚታወቀው ሂውማን ሊግ ባንድ በ1981 የገና ሰሞን አንደኛ እንደነበር ዛሬም የፈለገ ሰው በደቂቃ ያረጋግጣል።

የእኛስ? የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በአኮርዲዮንና በሲንተሳይዘር አንድ ካሴት አወጣ። ዓለም እንደ አዲስ የሰማው አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት በ2013 ዳግም ስላሳተመው ነው። በአጋጣሚ! በጊዜው ስንት ተሸጠ ቢባል ግን መልሱ ግምት ብቻ ነው።

«አገሩ ድሃ ስለነበረ ነው» የሚለው ሰበብ አያዋጣም። መርካቶ መቁጠር ያውቅበታል። በርበሬው በኩንታል፣ ጨርቁ በጣቃ ይቆጠራል። ካሴቱም በካርቶን ተቆጥሮ ነው ክፍለ ሀገር የወረደው። በስርቆት የተባዛው ባይታወቅ እንኳ ጅምላ ሻጩ የራሱን ያውቅ ነበር። ያላወቀው አንዴ ተከፍሎት የተሸኘው ዘፋኝና ዜማ ደራሲ ነው። ቁጥሩ የተደበቀው ከባለመብቱ ነው።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል። ነገር ግን ያልተቆጠረ ሥራ በምን ሒሳብ ይከፈልበታል? ዛሬ «በሚሊዮን የተሸጠ» ብሎ መፎከርም የዩቲዩብ ዕይታም የዚያን ዘመን ዕዳ አይከፍልም።

የካሴት ነጋዴዎቹ እያረጁ ነው፤ የዱቤ ደብተሮቻቸውም የትም እየወደቁ ነው። ቤተ መዛግብቱና የሙዚቃ ማኅበራቱ ዛሬውኑ መርካቶ ወርደው ይሰብስቡ። ነገ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።