ማሳሰቢያ፦ የየብስ ኤሊዎቻችሁን በኩሬ አታክርሙ

ይህ ማሳሰቢያ ሐዋሳ ውስጥ ኤሊ ለሚያሳድግ ሰው ሁሉ ነው፤ ለመኖሪያ ቤቶች፣ ግቢያቸውን በኩሬ ላስዋቡ ፔንሲዮኖችና ካፌዎች፣ ልጆቻቸው ከመንገድ ዳር ኤሊ አንስተው ይዘውባቸው ለገቡ ወላጆችም።

ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ ሲጥል ባደረበት ማግስት፣ አንዲት ጎረቤቴ በጠዋት ጠራችኝ። «ኤሊያችን ዋና ለመደ መሰለኝ፤ ከማታ ጀምሮ ከውሃው አልወጣም» አለችኝ። ሄጄ አየሁት። ኩሬው በብሎኬት ተሠርቶ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፤ ጥልቀቱ ከጉልበት አያልፍም፤ ግድግዳው ግን ቀጥ ያለ ነው። ኤሊው እግሮቹን ዘርግቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። በአንደኛው ማዕዘን፣ ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር ያህል፣ ልስኑ በጥፍር ተቧጥጦ ነጭ ጭረት አውጥቷል። ለመውጣት ሲታገል አድሮ ነው የሞተው። ልጆቹ ስም አውጥተውለት ለዓመታት አብሯቸው የኖረ እንስሳ ነበር።

ቤተሰቡ ይወደው ነበር። የገደለው «ኤሊ እኮ የውሃ ነው» የሚለው ግምት ነው። አማርኛችን ለየብሱም ለውሃውም አንድ ስም ስለሰጠ ብዙ ሰው አንድ እንስሳ ይመስለዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ያላችሁን ኤሊ እግሩን ተመልከቱ። እግሩ እንደ ዝሆን እግር ወፍራምና ድፍን፣ ጀርባው እንደ ጎጆ ጣሪያ ጉብ ያለ፣ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ከሆነ የየብስ ኤሊ ነው። በስምጥ ሸለቆው ቁጥቋጦ ውስጥ የሚኖረውና በየግቢው አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ይኸው ነው። አድጎ 10 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ ሣር ይግጣል፤ ውሃ የሚፈልገው ሊጠጣና እግሩን ሊያረጥብ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ጀርባው ጠፍጣፋና ጭቃ መሳይ፣ በጣቶቹ መካከል ስስ ቆዳ ያለው፣ ሲፈራ አንገቱን ወደ ጎን አጥፎ የሚደብቅና ስትይዙት መጥፎ ሽታ የሚለቅ ከሆነ የውሃ ኤሊ ነው። ኩሬ ለእሱ ቤቱ ነው፤ ለሌላው ግን መቃብሩ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት የመጣው ከስልካችን ነው። የውጭ አገር ቪዲዮዎች ኤሊ ቅዝቃዜውን ኩሬ ውስጥ ተኝቶ እንደሚያሳልፍ ያሳያሉ። ውሸት አይደለም፤ አንዳንድ የሰሜን አሜሪካ የውሃ ኤሊዎች ከበረዶ ሥር ለወራት ይተኛሉ፤ ኦክስጅንም በቆዳቸው በኩል ከውሃው ይስባሉ። የእኛ ዝንጉርጉር የየብስ ኤሊ ግን እንዲህ ያለ እንቅልፍ አያውቅም። እነሱ ክረምት የሚሉት የበረዶ ወራት ነው፤ የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ ብርዱ የሚጠናው ደግሞ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ሐዋሳ ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ሞቃት ሆኖ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል። ስለዚህ ጥንቃቄው ከሰኔ ጀምሮ እስከ ጥር መጨረሻ መቆየት አለበት። መስከረም ሲጠባ አትዘናጉ።

ኤሊ እንደ እኛ የሰውነቱን ሙቀት ከውስጡ አያገኝም፤ ከፀሐይና ከአየሩ ነው የሚያገኘው። ሲበርደው አንጀቱ ሥራ ያቆማል፤ የበላው ሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀመጣል። ብርዱ ላይ እርጥበት ሲጨመርበት ሳንባው ይታመማል። ኤሊ እንደ ሰው አስሎ አክታውን ማውጣት ስለማይችል ፈሳሹ እዚያው ይጠራቀማል። አፍንጫው ላይ አረፋ ካያችሁ፣ አፉን ከፍቶ ወይም አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ከተነፈሰ፣ ምግብ ከተወ፣ ዓይኑ ካበጠ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። በራሳችሁ መድኃኒት አትስጡ። በተለይ አንድ ነገር ከልብ እለምናችኋለሁ፦ ለከብትና ለበግ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ኤሊን ይገድላል። ለበጋችሁ የተረፈውን ለኤሊው አታካፍሉት፤ ሐኪሙም ሊያዝለት ቢል አስታውሱት።

ማደሪያው ውድ ነገር አይጠይቅም። ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ፣ ጎርፍ የማይደርስበት የጣውላ ሳጥን በቂ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ደረቅ ድርቆሽ፣ በሩ ላይ ጆንያ ይንጠልጠል፤ አፉ ወደ ምሥራቅ ቢዞር የጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል። በጣም በሚበርድ ሌሊት ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አኑሩለት። የከሰል ምድጃ ግን በፍጹም አታስገቡ፤ ጭሱ ይገድለዋል። ቀን ቀን ሣርና የበለስ ቁልቋል ቅጠል ይብላ፤ እንጀራና ዳቦ ሆዱን ያበላሹታል። ግቢያችሁ ውስጥ ኩሬ ካለ ዙሪያውን እሱ በማይሻገረው ድንጋይ እጠሩት፤ በአንድ ወገንም ሸካራ መውጫ አዘንብሉለት። ዝናቡ የሚሞላቸውን የግንባታ ጉድጓዶችና ሳፋዎችም አትርሱ።

ውሃ ውስጥ ተዘርሮ ብታገኙት ሞቷል ብላችሁ አትጣሉት። ኤሊ ያለ አየር ከእኛ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቋቋማል። ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ያዙት፤ አንገቱን በቀስታ ሳቡ፤ ከአፉና ከአፍንጫው ውሃው ይውጣ፤ የፊት እግሮቹንም ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ደጋግማችሁ አንቀሳቅሱ። በጀርባው አታስተኙት። ቢነቃም እንኳ የገባው ውሃ በኋላ የሳንባ ምች ሊያስከትል ስለሚችል ሐኪም ማየቱ ግድ ነው።

የውሃውን ኤሊ የያዛችሁም ኩሬውን አጽዱ፤ የሚወጣበትና ፀሐይ የሚሞቅበት ድንጋይ አኑሩለት። ዝናብ ሲጥል ሌላ ውሃ ፍለጋ በእግሩ መጓዝ ተፈጥሮው ስለሆነ አጥር ከሌለ አስፋልት ላይ ታገኙታላችሁ።

ልጆችን በተመለከተ፦ ጤነኛ የሚመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የተባለ ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ ይይዛል። አሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ኤሊዎች ለቤት እንዳይሸጡ የከለከለችው ብዙ ሕፃናት በዚህ ስለታመሙባት ነው። የነካ ልጅ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የኩሬው ውሃ ወደ ማዕድ ቤት አይግባ፤ አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ኤሊውን በዓይኑ ብቻ ይየው።

ሰልችቷችሁ ወደ ሐይቁ ወስዳችሁ ለመጣል የምታስቡ ካላችሁም ተዉ። የየብስ ኤሊ ሐይቅ ውስጥ መጣል መግደል ነው። ግልገሎቹን ዳርቻ ላይ ብትለቁም አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ ጠባቂ ሆነው የሚውሉት አባ ኮዳ የተባሉት ትልልቅ ወፎች አይምሯቸውም። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ከዱር መያዝ ይከለክላል። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. የገባችበት ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ዝንጉርጉሩን ኤሊ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይጠብቀዋል፤ እንግዶች ቢጠይቋችሁ አትሽጡ። በእጃችሁ ያለውን ማቆየት ካልቻላችሁ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን አማክሩ። ከመንገድ ዳር የምታገኙትን ደግሞ ሲሄድበት ወደነበረው አቅጣጫ አሻግራችሁ ተዉት።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ባትሪ ይዛችሁ ውጡና ኩሬውን እዩት።