ስልካችን ውስጥ ያለው ባንክና ሳናነብ የፈረምነው ውል



ግቢ የገባንበትን የመጀመሪያ ሳምንት እናስታውስ። የምዝገባ ሰልፍ፣ የዶርም ድልድል፣ የመታወቂያ ፎቶ። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል አንድ ቅጽ ተሰጠንና የባንክ ሒሳብ ከፈትን። ከመካከላችን ያንን ቅጽ አንብቦ የፈረመ ስንት ይሆን? አብዛኞቻችን «የቁጠባ ሒሳብ» በሚለው ላይ ምልክት ያደረገልንን ሠራተኛ አመስግነን ወጣን። አፑን ጫንን፤ ነን ካፌ የሆንነው የቀለብ ብራችን፣ ሌሎቻችን ደግሞ ቤተሰብ የሚልክልን በዚያው ይገባል። ጉዳዩም በዚሁ ተዘጋ።

እኛ ግን ጉዳዩ መዘጋት አልነበረበትም እንላለን።

መድረሳ እያለን ስለ ሪባ ስንማር የሚታየን ሩቅ ሰው ነበር፤ ድሃ የሚያስጨንቅ አራጣ አበዳሪ። ዛሬ ግን ሪባ አፑን ስንከፍት «ወለድ» ተብላ ገቢ የሆነች ጥቂት ብር ናት። ትንሽ ስለሆነች አናያትም። አባቶቻችን ግን አይተዋታል። ብዙዎቹ ከእርሷ ለመራቅ ሲሉ ገንዘባቸውን በሣጥን፣ በሸቀጥና በከብት አስቀምጠው ኖረዋል፤ አማራጭ አልነበራቸውምና። ከወለድ ነፃ ለሆነ አገልግሎት በሕግ በሩ የተከፈተው በአዋጅ ቁጥር 592/2000 ነው። በ2004 የወጣው መመሪያም ይህን የፈቀደው በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በመስኮት ብቻ ነበር። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው በ2013 ነው፤ ሂጅራና ሌሎችም ተከተሉ። ለአባቶቻችን ያልተገኘው ምርጫ ለእኛ በስልካችን ላይ ተቀምጧል። ሳናስብ ማለፋችን ያሳፍራል።

«ከሦስት ሺህ ብር ምን ወለድ ይመጣል?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እናስላው። በ7 በመቶ 3,000 ብር ዓመቱን ሙሉ ቢቀመጥ 210 ብር ነው። የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረባቸው ጊዜያት ይህ 210 ብር ከኪሳራ አላዳነንም። እንግዲህ በዱንያም ያልጠቀመንን ነገር ለአኼራ ተሸክመነው የምንሄደው ለምንድን ነው?

ስለዚህ ባንክ ስንመርጥ የአፑን ቀለምና ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጠውን ጉርሻ ከማየታችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ውሉ ምንድን ነው? ወዲዓ ከሆነ ገንዘባችን በአደራ ይቀመጣል፤ ባንኩ በጠየቅነው ጊዜ ይመልሳል፤ ጭማሪ አንጠብቅም። ለተማሪ የዕለት ወጪ የሚበቃው ይኼው ነው። ሙዳረባ ከሆነ ባንኩ በገንዘቡ ሠርቶ ትርፉን አስቀድመን በተስማማንበት ድርሻ ያካፍለናል፤ ያለ ባንኩ ጥፋት ኪሳራ ከመጣም የገንዘቡ ባለቤት ይሸከማል። «ከወለድ ነፃ» ተብሎ ባስቀመጥነው ብር ላይ ቁርጥ ያለ መቶኛ ቃል ከተገባልን ግን ቆም ብለን እንጠይቅ። የባንኩ ስም ዐረብኛ መሆኑ ብቻ ውሉን ሐላል አያደርገውም፤ የሸሪዓ አማካሪዎቹ እነማን እንደሆኑም መጠየቅ መብታችን ነው።

ሁለተኛ፣ አፑ ውስጥ ምን ዓይነት ብድር አለ? ብዙዎቻችን ወለድ ላለመቀበል እንጠነቀቃለን፤ ወለድ ለመክፈል ግን አንድ ቁልፍ መንካት ይበቃናል። አንድ የዶርማችን ወንድም ለዒድ አገር ቤት የሚገባበት የትራንስፖርት ብር ጎደለውና ከአፑ 500 ብር ተበደረ። «የአገልግሎት ክፍያ» የሚል አነበበና ልቡ አረፈ። የመክፈያው ቀን ሲያልፍ ክፍያው ማደግ ጀመረ። እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን፤ ቀመር ማንበብ እናውቃለን። በቀመሩ ውስጥ የብድሩ መጠንና የቀኑ ብዛት ካሉበት፣ ስሙ ምንም ቢባል ጠባዩ የወለድ ነው። ያሳዘነን ግን ሌላ ነው፤ ያ ወንድም አጠገቡ ስድስት ሰው ተኝቶ ሳለ ከስልኩ መበደሩ። ቀርዱል ሐሰን በጀመዓችን ቢኖር ኖሮ ያን ቁልፍ አይነካም ነበር።

ሦስተኛ፣ ስልኩ ቢጠፋስ? ሲም ካርዱን በፍጥነት የሚዘጋልን አለ? ኔት ሲቋረጥ በአጭር ቁጥር መጠቀም ይቻላል? በቅርብ ቅርንጫፍ ወይም ኤቲኤም አለ? የሚስጥር ቁጥርንና በመልእክት የሚላክን ኮድ «ከባንኩ ነው የምደውለው» ለሚል ሰው መስጠት ገንዘብን አውጥቶ መንገድ ላይ መጣል ነው። ገንዘብን መጠበቅም ከዲናችን ዓላማዎች አንዱ መሆኑን አንርሳ።

«የቀለብ ብራችን የሚገባው በተወሰነ ባንክ ነው፤ ምን እናድርግ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን በርካታ መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። መታወቂያችንን ይዘን ሄደን «ሒሳቤን ወደ ከወለድ ነፃ ቀይሩልኝ» ማለት ይቻላል። በመስኮት አገልግሎት ላይ ልዩ ልዩ አስተያየት እንዳለ እናውቃለን፤ በዚህ እርስ በርስ አንወቃቀስ፤ ከግልጽ ወለድ መውጣት ግን የመጀመሪያው እርምጃ ነው። እስካሁን የተጠራቀመውን ወለድ በተመለከተ ብዙ ዑለማዎች አጅር ሳይጠበቅበት ለችግረኛ ይሰጥ ይላሉ፤ ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ።

በመጨረሻ አንድ ሌሊት እናስታውስ። መጋቢት 6 ቀን 2016፣ በረመዷን፣ በአንድ ባንክ ሲስተም ብልሽት ምክንያት ከሒሳባቸው በላይ ብር ማውጣት የቻሉ ሰዎች ነበሩ። በየዩኒቨርሲቲው የኤቲኤም ሰልፍ በሌሊት ተሠራ። ማሽኑ ፈቀደ፤ ገንዘቡ ግን የሰው ነበር። ቀን ጾሞ ሌሊት እዚያ ሰልፍ የቆመ ሰው ሒሳቡ ወዲዓ ቢሆን ምን ይጠቅመዋል? ሐላል ሒሳብ የሚጀምረው ከባለቤቱ እጅ ነው።

እንግዲያው በዚህ ሳምንት ሁላችንም አፓችንን ከፍተን የሒሳባችንን ዓይነት እንይ። መቀየር ያለበት ካለ ብቻውን አይሂድ፤ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሰብሰብ ብለን አብረን እንሂድ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለበት ያድርግልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።