ለመድገም መሣሪያው፣ ለመፍረድ ዐይናችን

በትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ክፍል የሚሠራ ሰው በየዓመቱ መግቢያ የማይቀርለት ዕዳ አለበት። እሱም የአዳዲስ ሠልጣኞች የመታወቂያ ፎቶግራፍ ነው። ካሜራው አንድ ቦታ ተተክሎ፣ ሠልጣኙ ሁሉ በአንድ ወንበር ላይ እየተቀመጠ ይነሣል። ከዚያ እያንዳንዱን ምስል በኮምፒዩተር ከፍቶ በ3 በ4 ሳንቲ ሜትር መቁረጥ፣ ማሳነስና ማስቀመጥ ይከተላል። እስቲ እናስላው! ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢፈጅ፣ ለ400 ሠልጣኞች 800 ደቂቃ፣ ማለትም 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ሰዓት አንድ ዓይነት ቁልፍ እየነኩ መዋል ትጋት የሚመስላቸው አሉ። እኔ በበኩሌ ትጋት አልለውም። እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበው ፎቶሾፕ፣ በ1996 በወጣው 4ኛ እትሙ «አክሽን» የተባለ መሣሪያ ይዞ መጥቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። የመቅጃውን ቁልፍ ተጭኖ ሥራውን በአንድ ምስል ላይ አንድ ጊዜ መሥራት፣ ከዚያ መቅጃውን ማቆም ነው። «ባች» በተባለው ትእዛዝ አንድ ሙሉ ፎልደር ቢሰጡት፣ እኛ ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ ያንኑ ሥራ በየምስሉ ላይ ይደግመዋል። ከዚህ አልፎ መሄድ የሚሻ ደግሞ በጃቫስክሪፕት ትእዛዝ ሊጽፍ ይችላል። የተጻፈ ስክሪፕት «ምስሉ ከስፋቱ ቁመቱ ከበለጠ ይህን አድርግ፣ ካልሆነ ያንን» የሚል ሁኔታ ሊቀበል ይችላል። ፎቶሾፕ መግዣ የሌለው ቢኖር፣ በነፃ የሚገኘው ጊምፕም «ስክሪፕት-ፉ» የተባለ የራሱ መንገድ አለው።

ታዲያ ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ ነው? አይደለም! እኔው ራሴ የሠራሁትን ጥፋት ልንገራችሁ።

አንድ ዓመት አክሽኑን የቀዳሁት በማለዳ በተነሣ ምስል ላይ ነበር። ክፍሉ ገና ጨለም ያለ ስለነበር፣ ከመቁረጡና ከማሳነሱ ጋር ብርሃን መጨመሩንም አብሬ ቀዳሁት። ከዚያ ለሁሉም ለቀቅሁት። ይባስ ብዬም የተስተካከለው ምስል በዋናው ላይ እንዲቀመጥ አድርጌ ነበር። ሥራው ባጭር ጊዜ ሲያልቅ ደስታዬ ወሰን አጣ። መታወቂያው በታደለ ማግሥት አንዲት ሠልጣኝ ካርዷን ይዛ መጣችና፣ «ጋሼ፣ ኧረ ይቺማ እኔ አይደለሁም!» አለችኝ። ባየው እውነትም እሷ አይደለችም። ፀሐይ በመስኮቱ ከገባች በኋላ የተነሡት ሁሉ ፊታቸው ነጥቶ፣ የቆዳቸው ቀለም ጠፍቶ፣ አፍንጫና ጉንጭ አንድ ሆኖ ወጥቷል። ዋናዎቹ ምስሎች ስለጠፉ እነዚያን ሁሉ እንደገና ጠርቼ ማንሣት ግድ ሆነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸ ነው።

ጥፋቱ የመሣሪያው አልነበረም። አንጋፋ መምህራን የስቴንስል ማባዣን ያስታውሳሉ። በስቴንስሉ ላይ አንድ ፊደል ከተሳተ፣ መቶውም ወረቀት ላይ ያው ስሕተት ይወጣል። ማባዣው ታማኝ ነው፤ ስሕተቱንም በታማኝነት ያባዛል። አክሽንም እንዲሁ ነው። ለመጀመሪያው ምስል የሰጠሁትን የብርሃን ልክ ይዞ ለሁሉም ያንኑ ሰጠ። «እንግዲያው መብራቱን ራሱ እየለካ ያስተካክል» የሚል ሰው ይኖራል። ይህም ትእዛዝ አለ። ነገር ግን የሚለካው የምስሉን ጨለማና ብርሃን ነው እንጂ የሰውን መልክ አያውቅም። ነጭ ነጠላ ይሁን ጥቁር ኮት፣ የተለበሰው ልብስና የኋላው ግድግዳ ልኩን ይለውጡበታል።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። መቁረጥ፣ ማሳነስና ማስቀመጥ ለስክሪፕቱ ይሰጥ። የፊትን ብርሃንና ቀለም ግን ሰው አይቶ ይፍረድ። ዋናዎቹ ምስሎች በሌላ ፎልደር ይቀመጡ፤ የተሠራውም በሌላ ይግባ። አክሽኑ ለሁሉም ከመለቀቁ በፊት በማለዳ፣ በቀትርና በማታ በተነሡ ጥቂት ምስሎች ላይ ይሞከር። አዲስ የሚማር ሠልጣኝም መጀመሪያ ዐሥር ያህል ምስል በእጁ ይሥራ፤ ሥራውን ያላወቀ ሰው ምን እንደሚቀዳ ሊያውቅ አይችልምና።

«እንዲህ ከሆነ ጊዜው የት ተረፈ?» እንዳትሉኝ። ለእያንዳንዱ ፊት ግማሽ ደቂቃ ብንሰጥ ለ400ው 200 ደቂቃ ነው። ለአክሽኑ ማዘጋጃና መሞከሪያ አንድ ሰዓት እንጨምርበት። ከ13 ሰዓት ከ20 ደቂቃው ገና 9 ሰዓት ይተርፈናል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ነገ በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ የተማሪ መዝገብና የተማሪ ፎቶግራፍ በእጃችን ይገባል። መሣሪያውን አንፍራው፤ ድካማችንን ይሸከምልን። ነገር ግን አንድ ተማሪ መታወቂያውን ሲቀበል የገዛ ፊቱን ሊያገኝበት ይገባል። ያን የማረጋገጥ ሥራ ለማንም ስክሪፕት አሳልፈን አንስጥ።