የጠቆረው የወጥ ቤት ቁም ሳጥን



በዲላና በሌሎቹ የጌዴኦ ከተሞች ቡና ተለቅሞ ከተሸጠ በኋላ ያሉት ደረቅ ወራት ቤት ለማደስ የሚታሰብባቸው ናቸው። በእነዚህ ዓመታት ረመዷን ከጥርና ከየካቲት ጋር ተቀራርቦ ስለሚመጣ ሐሳቡ ወደ ወጥ ቤት ያዘነብላል። እዚያም ጭስና ዘይት ያጠቆረው አሮጌ ቁም ሳጥን ቆሟል። አባወራው «ይጣልና አዲስ ይሠራ» ይላል፤ እማወራዋ ደግሞ ወጪውን ታሰላለች። ከመወሰናችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ቁም ሳጥኑ አርጅቷል ወይስ ጠቁሯል?

የእንጨት ዕቃ አርጅቷል የሚባለው ሲበሰብስ፣ ነቀዝ ሲበላው ወይም መገጣጠሚያው ሲላቀቅ ነው። ይህን ለማወቅ እግሩንና የታችኛውን ጣውላ በቢላዋ ጫፍ ጫን ብላችሁ ሞክሩ። ቢላዋው በቀላሉ ካልገባ እንጨቱ ጤነኛ ነው። ጤነኛውን አውጥቶ መጣል ዲናችን ከሚያወግዘው ብክነት (ኢስራፍ) የሚቆጠር ነው። በተለይ ቁም ሳጥኑ የዋንዛ ከሆነ ጉዳቱ ከገንዘብ ያልፋል። ዋንዛ በጌዴኦ ማሳ ከቡናና ከእንሰት በላይ ቆሞ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ነው። ይህ የአያቶች የአስተራረስ ጥበብ ያለበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለጣውላ የሚደርስ ዋንዛ ደግሞ በአንድ ዓመት አይበቅልም።

መጀመሪያ እጠቡት። ሙቅ ውሃ ላይ የልብስ ሳሙና ዱቄት ጨምራችሁ ጥቀርሻውንና ቅባቱን በጨርቅ አስለቅቁ፤ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ቢያንስ አንድ ቀን ይድረቅ። ከታጠበ በኋላ የዋንዛው ቡናማ መልክ ተመልሶ ከታየ ቀለም ላያስፈልግ ይችላል፤ ስስ ቫርኒሽ ብቻ ይበቃዋል። የእንጨቱ መልክ ከተበላሸ፣ ወይም ቁም ሳጥኑ ከኮምፔንሳቶ የተሠራና የተላላጠ ከሆነ ግን ቀለም ይሻለዋል። ትንሽ መስኮት ላለው ወጥ ቤት ነጣ ያለ ክሬም ወይም ፈዛዛ አረንጓዴ መልካም ነው፤ ብርሃን ይጨምራል፣ ቆሻሻም ሳይከማች ይታያል።

ወደ መፋቅ ከመሸጋገራችን በፊት ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ አለ። ድሮ የተሠሩ ብዙ የዘይት ቀለሞች እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለባቸው (የመጻፊያው እርሳስ አይደለም)። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ በኪሎ ከ90 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባ ቁም ሳጥን ግን ዛሬም በየቤቱ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም፤ ሕፃናት ወደ ሆዳቸው ከገባው እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚያሳልፉት ከአዋቂ 4 እስከ 5 እጥፍ ነው። የሚጎዳውም በማደግ ላይ ያለውን አእምሯቸውን ነው።

ስለዚህ አሮጌ ቀለም ያለበትን ዕቃ በደረቁ አትፋቁ። እንጨቱንና ውሃ የሚችለውን የብርጭቆ ወረቀት እያረጠባችሁ ፋቁ፤ ብናኙን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ አንሡ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች እንዳይቀርቡ፤ የሥራውም ልብስ ለብቻው ይታጠብ። ከሁሉም በላይ፣ ቀለም የነካውን ስብርባሪ ጣውላ ከምጣድ ሥር አታንድዱ፤ መርዙ ከጭሱና ከአመዱ ጋር ቤት ውስጥ ይቀራል።

ሥራው እንዲህ ነው። በሮቹን በካቻቢቴ ፈታችሁ የቱ በር የት እንደነበር ቁጥር ጻፉባቸው። ማጠፊያዎቹንና ብሎኖቹን በአንድ ቆርቆሮ አስቀምጡ። ቀዳዳውን በስቱኮ ሙሉ፤ ሲደርቅ በቁጥር 120፣ ከዚያ በቁጥር 220 የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ዓላማው ገጹን ትንሽ ማሻከር ነው፤ ቀለም ቅባት ላይም ሆነ የሚያብለጨልጭ ገጽ ላይ አይዝም። ቀጥሎ የመሠረት ቅብ (ፕራይመር)፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ስስ የዘይት ቀለም ይቀባል፤ በእያንዳንዱ መካከል አንድ ቀን ይጠበቅ። አየሩ ዝናባማና እርጥብ ከሆነ ከዚያም በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለግድግዳ የሚሆነው የውሃ ቀለም ቶሎ ቶሎ የሚታጠብ ዕቃ ላይ አይበረክትም።

መጠኑን አስቀድማችሁ አስሉ። 40 በ70 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 4 በሮች በሁለት ገጽ 2.24 ካሬ ሜትር ይሆናሉ፤ ሁለት ጊዜ ሲቀቡ ወደ 4.5 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሊትር የዘይት ቀለም በለሰለሰ ገጽ ላይ 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን ለበሮቹም ለፊት ክፈፉም ይበቃል። ስትገዙ ቆርቆሮው ላይ እርሳስ እንደሌለበት የተጻፈ መሆኑን ተመልከቱ።

በሮቹን ከቤት ውጪ፣ ጥላ ሥር ቀቡ። አኳራጃና ቲነር እሳት የሚስቡ ናቸውና ቀለም በሚቀባበት ክፍል ከሰል አታቀጣጥሉ፤ ቡናውም ያን ቀን ሌላ ቦታ ይፈላ። ምግብ የሚቀመጥበትን የውስጥ መደርደሪያ አትቀቡት፤ ታጥቦ ንጹሕ ፕላስቲክ ቢነጠፍበት ይበቃል። ቀለሙ በእጅ ሲነካ ቢደርቅም እስኪጠነክር አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ ዕቃ ለመመለስ አትቸኩሉ።

ወጣቶች፣ ይህ ሥራ የእናታችሁ ብቻ አይደለም። በር መፍታቱን፣ መፋቁንና መቀባቱን ወንድምና እህት ተካፍለው ቅዳሜና እሑድ ሊያስጀምሩት ይችላሉ። ለአዲስ ቁም ሳጥን ሊወጣ ከነበረው ገንዘብ በተረፈው ደግሞ ጭስ የሚያስወጣ ሰፋ ያለ መስኮት ብታሠሩ ቀለሙም ዕድሜ ያገኛል፤ እናታችሁም ከጭሱ ታርፋለች።