ሰሊጡ ተመዘነ፤ ሰውየውስ?

በአገራችን ስለ ሠራተኛ ደህንነት ሲነሳ ሐሳባችን ቶሎ ብሎ የሚሮጠው ወደ ፋብሪካና ወደ ሕንፃ ሥራ ነው። ከፎቅ የወደቀ የቀን ሠራተኛ፣ ጣቱን ማሽን የቆረጠበት ወዛደር ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ ሰውም ከንፈር ይመጥለታል። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን የዓለም የሥራ ድርጅት ከማዕድን ቁፋሮና ከግንባታ ጋር ደርቦ እጅግ አደገኛ ከሚላቸው ሦስት ዘርፎች አንዱ እርሻ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ለከተማ ሰው እርሻ ማለት ለምለም መስክና ንጹሕ አየር ነው። የፆም ሰሊጣችንን በጥብጠን ስንጠጣ፣ ጋቢያችንን ተከናንበን ስንቀመጥ፣ ይህ ነገር በማን እጅ አልፎ እንደመጣ ጠይቀን አናውቅም።

እኔ ዛሬ የማነሳው በገዛ መሬቱ ላይ የሚያርሰውን ገበሬ አይደለም። የሌላውን ሰሊጥ የሚያርመውን፣ የሌላውን ጥጥ የሚለቅመውን ቅጥር የእርሻ ሠራተኛ ነው። በመተማ፣ በቋራ፣ በአርማጭሆና በሑመራ ቆላ «ሳሉግ» ይሉታል። ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ክረምት በገባ ቁጥር ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ ደጋ እየተነሳ ወደ ቆላው ሲወርድ ኖሯል፤ አንድ ጊዜ ለአረም፣ አንድ ጊዜ ለአጨዳ። የሚወርደው በጭነት መኪና ላይ እንደ እህል ተጭኖ ነው። የሚቀጥረው ባለሀብቱ ሳይሆን ካቦው ነው። የሚያድረው ከዛፍ ሥር ወይም በሣር ዳስ ውስጥ ነው። ሥራው ሲያልቅ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ስሙ የተጻፈበት አንዲት ወረቀት ብትኖር የካቦው ደብተር ናት፤ እሷም ከመከር በኋላ ሲጋራ መጠቅለያ ትሆናለች።

መቼም ሕግ የለንም ብሎ የሚከራከር ካለ ተሳስቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የመደራጀት መብት ያላቸውን ሲዘረዝር የፋብሪካ ሠራተኛውን ብቻ አልጠራም፤ የእርሻ ሠራተኛውንም ለይቶ ጠርቶታል። እዚያው ላይ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የሠራተኛ መብት ነው ይላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156ም የእርሻ ሠራተኛን ከጥበቃው አላስወጣም። አሠሪው ስለ ሥራው አደገኛነት ሠራተኛውን ያስተምር፣ የአደጋ መከላከያ ይስጥ፣ አደጋ ሲደርስ መዝግቦ ለሥራ ተቆጣጣሪ ያሳውቅ ይላል። ሠራተኛው በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው። የተጎዳው በሕክምና ላይ ሳለ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደሞዙን፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ሦስት አራተኛውን፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ግማሹን ያገኛል። ለዘለቄታው ከሥራ ውጭ ከሆነ የአምስት ዓመት ደሞዙ ተሰልቶ ይከፈለዋል። በወረቀት ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ምን ጎደለ? ብዙ ሰው «አፈጻጸም» ብሎ ይገላገላል። አፈጻጸም የጎደለ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ከአፈጻጸም በፊት ራሱ ሕጉ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። በዚያች ቀዳዳ ሳሉግ በሙሉ ሾልኮ ይወድቃል።

የአዋጁን አንቀጽ 98 ገልጣችሁ አንብቡ። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ምን እንደሆነ ይተረጉምና ወረድ ብሎ አንድ ነገር ያስወጣል። ሥራው በሚሠራበት አካባቢ የሚገኝና እዚያው የሚይዝ ነባር ወይም ተዛማች በሽታ በሥራ ምክንያት እንደመጣ በሽታ አይቆጠርም ይላል። ይህን በሽታ ለማጥፋት ብቻ የተሠማሩ ሠራተኞች ከዚህ ውጭ ናቸው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 377ም ይኸው ነበር። እንግዲህ በመተማ ወባ ለማጥፋት ኬሚካል የሚረጨው ሰው ወባ ቢይዘው የሥራ በሽታ ነው፤ እዚያው አጠገቡ ጎንበስ ብሎ ሰሊጥ የሚያርመው ሰው በዚያችው ትንኝ ቢነከስ ግን የራሱ ዕድል ነው!

ይህ ድንጋጌ ለከተማ ቢሮ ጸሐፊ ሊያስኬድ ይችላል። ጉንፋን የያዘው ሁሉ አሠሪውን ይክሰስ ማለት አይቻልም። የደጋው ልጅ ነገር ግን ሌላ ነው። እሱ በተወለደበት ቀዬ የቆላውን በሽታ አያውቀውም። የሚያገኘው እንጀራ ፍለጋ ሲወርድ ብቻ ነው። በሽታው «የአካባቢው» ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ግን የአካባቢው አይደለም። ወደዚያ ያመጣው ሥራው ነው።

ወባን ተዉት፤ ስለ ካላ አዛር እንነጋገር። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል ከትንኝ የምታንስ ነፍሳት ናት። የቆላው ጥቁር አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ መጠለያዋ ነው። ሌሊት ወጥታ በተለይ ከዛፍ ሥር የተኛውን ትነክሳለች። ሳሉግ የሚተኛው የት ነበር? ከዛፍ ሥር። በሽታው ሰውነት ከገባ በኋላ እስኪገለጥ ወራት ይወስዳል። ትኩሳቱ ሲጀምር፣ ጣፊያው ሲያብጥ፣ ሰውነቱ ሲመነምን ሰውየው ሒሳቡን ተቀብሎ አገሩ ገብቷል። ሰሊጡም ወደብ ደርሷል። ካልታከመ ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ ይገድላል።

በሽታው የሑመራ ሰፋፊ እርሻዎች በተስፋፉበት በ1960ዎቹ ዓመታት በወራጅ ሠራተኞች ላይ ታይቷል። ስለዚህ አላወቅንም ነበር የሚል ሰበብ ለማንም አይሠራም። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ከቆላው ብዙ ርቀው በሚገኙት በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ወረርሽኙ ፈነዳ። መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ ኋላ ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። ያመጡትም ከመተማና ከሑመራ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ። እስቲ ይህን አስቡት። አንድ ሰው ለሌላው ባለጸጋ ሰሊጥ ሲያርም ታመመ፤ በሽታውን ለጎረቤቱና ለልጁ ይዞለት ገባ። ሕጉ ግን ይህ ከሥራው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም ይላል።

የሥራ ቦታው ራሱ በሽታ ሲሆን ምን እንደሚደርስ ለማየት ወንጂንም ማስታወስ ይበቃል። ስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ በሸንኮራ እርሻው መንደሮች የሠፈሩት ሠራተኞች የጉድጓድ ውኃ ይጠጡ ነበር። የስምጥ ሸለቆ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ለአሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የጠጡት ሰዎች ጥርሳቸው መበለዙ ብቻ አልነበረም፤ አከርካሪያቸው ደርቆ መጎንበስ ያቃታቸው፣ አንገታቸውን ማዞር የተሳናቸው ነበሩ። ሐኪሞቻችን ይህን አጥንተው ለዓለም አሳውቀዋል። ውኃው የአካባቢው ነው፤ እውነት ነው። ሠራተኛውን በዚያ ውኃ አጠገብ ያሠፈረው ግን ሥራው ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት የመድን ነገር ነው። አዋጁ አሠሪው ይክፈል ይላል። የሚከፍል አሠሪ ለማግኘት ግን አስቀድሞ ተቀጣሪ መሆንን ማስረዳት ያስፈልጋል። የጡረታ መዋጮ ከደሞዝ መዝገብ ላይ ይቆረጣል፤ ሳሉግ የደሞዝ መዝገብ የለውም። የአምስት ዓመት ደሞዝ ይከፈለው ሲባል በአረም ወራት ብቻ ለሚሠራ ሰው የዓመት ደሞዙ ስንት ሊባል ነው? ባለሀብቱን ሲጠይቁት «ካቦውን አነጋግሩ» ይላል። ካቦውም የሰው ኃይል አቀረብኩ እንጂ አሠሪ አይደለሁም ይላል። የመርጫ መድኃኒቱን በጀርባው ተሸክሞ፣ አፉን በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ ውሎ ማታ ሲያስመልሰው የሚያድረው ሠራተኛ በሁለቱ መካከል ይቀራል።

መድን የምናውቀው ነገር አይደለም እንዳይባል ደግሞ እናውቀዋለን። በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ማንም ባለተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ መኪና እንዳያንቀሳቅስ ተደነገገ፤ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተሻሻለ። ይህ ሕግ ሲወጣ «ባለመኪናው ይከስራል» ተብሎ ነበር፤ ዛሬ መድን የሌለው መኪና መንዳት ነውር ሆኗል። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ አዲ ሃ በምትባል ቀበሌ የጤፍ ገበሬዎች ዝናብ ቢቀር የሚካሱበትን መድን መግዛት ጀመሩ። መልካም ነው፤ ለገበሬው ያስፈልገዋል። ነገር ግን ለዝናብ መድን ማበጀት ከቻልን ለእጅ ማበጀት እንዴት አቃተን?

የሚሰነዘሩትን መቃወሚያዎች አውቃለሁ። አንደኛው «ባለሀብት ይሸሻል» የሚለው ነው። የአበባ እርሻዎቹን ተመልከቱ። ገዢው የአውሮፓ ገበያ የሠራተኛውን ጓንትና የኬሚካሉን አያያዝ ሲጠይቅ አምራቾቹ የራሳቸውን የአሠራር ደንብ አወጡ፤ መንግሥትም በ2003 ዓ.ም. ለዘርፉ ደንብ ቁጥር 207ን አወጣ። የአበባ እርሻ ችግሩ አለቀ አልልም፤ በደንቡ ምክንያት ግን ዘርፉ አልጠፋም። የጽጌረዳው ገዢ ስለጠየቀ የተገኘ ነገር፣ የሰሊጡ ገዢ ስላልጠየቀ ሊቀር አይገባውም።

ሁለተኛው «በሽታውን የት እንደያዘው በምን ይታወቃል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ደህና ነው፤ መልሱ ግን ከባድ አይደለም። ወባና ካላ አዛር በማያውቀው ደጋ የሚኖር ሰው ከቆላ እርሻ በተመለሰ በወራት ውስጥ ከታመመ፣ ከዚያ እንደያዘው ሕጉ አስቀድሞ ይገምት። አይደለም የሚል አሠሪ እሱ ያስረዳ። ዛሬ የምናስረዳው ሸክም የተጫነው አልጋ ላይ ባለው ሰው ላይ ነው።

ሦስተኛው «ሠራተኛው ራሱ ጭምብሉን አውልቆ ይጥላል፣ አጎበሩን ይሸጣል» የሚል ነው። በዚያ ሙቀት የማይለበስ ጭምብል የሚገዛ ሰው ጭምብል ገዛ አይባልም። ሰው የሚተኛበት ቤት ከሌለ አጎበሩ የሚሰቀለው ምን ላይ ነው? ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ጎንበስ ብሎ የዋለን ሰው ጥንቃቄ ጎደለህ ማለት በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ያች የአንቀጽ 98 ቀዳዳ ትደፈን። ከሌላ አካባቢ ለሥራ ተወስዶ የመጣ ሠራተኛ በሥራው ቦታ ነባር በሆነ በሽታ ሲያዝ በሥራ ምክንያት እንደመጣ ይቆጠር። ይህ ከሆነ መጠለያና አጎበር የበጎ አድራጎት ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የባለሀብቱ የወጪና የገቢ ሒሳብ ይሆናል። ሁለተኛ፣ መሬቱን የሚያሳርሰው ሰው በካቦው በኩል ለገቡት ሁሉ አሠሪ ነው ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ መድኑ በሠራተኛው ስም ሳይሆን በመሬቱና በምርቱ ላይ ይጣል። ሳሉግ መዝገብ የለውም፤ ሄክታሩና ኩንታሉ ግን መዝገብ አላቸው። የተከራየው መሬት በሄክታር ተቆጥሯል፤ ሰሊጡም መጋዘን ሲገባ በኪሎ ተመዝኗል። በኩንታል ጥቂት ብር እዚያው ሚዛኑ ላይ ቢቆረጥ ጎንደርም ሆነ ደሴ ሆስፒታል የተኛው ሠራተኛ «ማን ቀጥሮህ ነበር?» ሳይባል የሚታከምበት ቋት ይገኛል።

ይህ ሕልም አይደለም። ጀርመኖች ለፋብሪካ ሠራተኛ የአደጋ መድን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1884 አወጡ፤ ለእርሻና ለደን ሠራተኛ ለማዳረስ የፈጀባቸው ሁለት ዓመት ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅትም የእርሻ ሠራተኛ እንደ ሌላው ሁሉ የጉዳት ካሳ ይገባዋል ያለው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 184 ደግሞ ወቅታዊውና ጊዜያዊው ሠራተኛ ከቋሚው ያላነሰ ጥበቃ፣ የእርሻ ሠራተኛውም ከሌሎች ዘርፎች ያላነሰ መድን እንዲያገኝ ደነገገ።

ይህን ጉዳይ ሳሉግ ራሱ አዲስ አበባ መጥቶ አያነሳውም። በመከር ወቅት እርሻ ላይ ነው፤ ከመከር በኋላ ደግሞ ከሃያ ወረዳ የመጣው ሰው በየወረዳው ተበትኗል። ማኅበር ለማቋቋም የሚበቃ ጊዜ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ስለዚህ ሸክሙ ማኅበር ባላቸው ላይ ነው፤ በሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ፣ በሕግ ባለሙያዎቹ፣ አዋጅ በሚያሻሽሉት የምክር ቤት አባላት ላይ። አዋጁ በሚቀጥለው ጊዜ ለማሻሻያ ሲቀርብ የደሞዝና የፈቃድ ቀናት ክርክር ጎልቶ እንደሚሰማ አያጠራጥርም። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ተነስቶ «አንቀጽ 98ስ?» ብሎ ይጠይቅ። ጠያቂ ከጠፋ በሚመጣው ክረምትም የጭነት መኪናዎቹ መድናቸውን ከፍለው ወደ ቆላ ይወርዳሉ፤ በላያቸው የተጫኑት ሰዎች ግን እንደ ዛሬው ያለ መድን ይወርዳሉ።