ሲያቀርብ የሚያጨልም ሌንስ

በሞርሲቶም ሆነ በሆሳዕና የሰርግ ቪዲዮ ሲታይ አንድ ወቀሳ አይጠፋም፦ «የሙሽራዋን ፊት ሲያቀርበው ለምን ጨለመ?» ወቀሳው ቀራጩ ልጅ ላይ ያርፋል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጀምረው ካሜራው የተገዛ ቀን ነው እላለሁ።

አፐርቸር ማለት በሌንሱ ውስጥ ያለው የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ ነው። «ኤፍ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ከፊት ለፊት ሲታይ ላለው የቀዳዳው ስፋት ተካፍሎ የሚገኝ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል።

ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠውን የተለመደውን 18-55 ሌንስ እዩት። ኤፍ 3.5-5.6 ይላል። 18 ላይ 3.5 የነበረው፣ ዙም አድርጋችሁ 55 ስትደርሱ 5.6 ይሆናል። ርዝመቱ ሦስት እጥፍ ሲያድግ ቀዳዳው የሚሰፋው ሁለት እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። የሚገባው ብርሃን ከግማሽ በታች ይወርዳል። ካሜራው በእጅ ከተስተካከለ ምስሉ ይጨልማል፤ በራሱ እንዲያስተካክል ከተተወ ደግሞ አይኤስኦውን ከፍ ያደርግና ምስሉ ይሻክራል።

እስከ መጨረሻው ኤፍ 2.8 ሆነው የሚዘልቁ ዙሞች አሉ። ታዲያ 70-200 ቢሆን፣ 200 ለ2.8 ሲካፈል 71 ሚሊ ሜትር ነው። የፊት መስታወቱ ቢያንስ ያን ያህል መስፋት አለበት። ክብደቱም ውድነቱም ከዚህ ይመጣል።

ጉዳዩ የሰርግ ብቻ አይደለም። በመስከረም ያሆዴ ይከበራል፣ ደመራ አመሻሽ ላይ ይለኮሳል፣ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ። ይህን ለታሪክ የሚያስቀሩት የመንግሥት ቢሮዎችና የሠፈር ስቱዲዮዎች ናቸው። ገዢው ግን ሜጋፒክስል ይቆጥራል፤ ስለ ሌንሱ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ስለዚህ የግዢ ዝርዝር የሚጽፍ ኃላፊ «ዙሙ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ኤፍ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። አቅም የሌለው ስቱዲዮም መላ አለው፦ ዙም የሌለው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ዋጋው ከነዚያ በብዙ ይቀንሳል፤ ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ለማቅረብ ሲፈለግ በእግር መጠጋት ነው።

ሽማግሌ አንዴ ይመርቃል። ጨልሞብናልና ድገሙልን አይባልም።