ልጃችን የቴአትር ተጫዋች ልሁን ብትል

ከአቃቂ ቃሊቲ አንዲት እናት በላኩልን ደብዳቤ፥ ልጃቸው የቴአትርና የሲኒማ ተጫዋች ለመሆን መቁረጧን፥ ጎረቤቶቻቸውም ይህን ሰምተው «ልጅሽን አዝማሪ ልታደርጊያት ነውን?» እያሉ እንደሚያሳዝኗቸው ገልጠው ምክር ጠይቀውናል። እኛም ከምክሩ አስቀድመን የአንዲት የአዲስ አበባ ተወላጅ ታሪክ ልንነግራቸው ወደድን። ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈነዋል።

ሩት ነጋ ከኢትዮጵያዊ ሐኪምና ከአየርላንዳዊት ነርስ በአዲስ አበባ ተወለደች። አራት ዓመት ሲሆናት ከእናቷ ጋራ ወደ አየርላንድ ሄደች፤ አባቷም ሊከተሏቸው አስበው ሳለ፥ እርሷ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሆና በመኪና አደጋ ሞቱ። ስለዚህ ሕፃኒቱ አባቷን ሳትጠግብ በሊመሪክ ከተማ በእናቷ ዘመዶች መካከል አደገች። በደብሊን በትሪኒቲ ኮሌጅ የተጫዋችነትን ሙያ ተምራ፥ በ2005 በሲኒማ ታየች፤ በ2011ም የዝነኛዋን ዘፋኝ የሸርሊ ባሲን ታሪክ በቴሌቪዥን ተጫወተች።

ስሟን ዓለም ያወቀው ግን በ2016 «ላቪንግ» በተባለው ፊልም ነው፤ ይህም ለቤተ ሰብ ገጽ የሚገባ እውነተኛ ታሪክ ነው። ሪቻርድ ላቪንግ የተባለ ነጭና ሚልድረድ የተባለች ጥቁር በ1958 በዋሽንግተን ተጋቡ። በአገራቸው በቨርጂኒያ ግን እንዲህ ያለው ጋብቻ በሕግ የተከለከለ ነበርና፥ ፖሊሶች በሌሊት ከመኝታቸው አንሥተው አሰሯቸው። ዳኛውም እስራት ፈርዶ፥ ከቨርጂኒያ ወጥተው እስከ 25 ዓመት አብረው ባይመለሱባት ቅጣቱ እንዲቀርላቸው ወሰነ። በ1967 የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያንን ሕግ ሻረው። ሩት ሚልድረድን የተጫወተችው በጩኸትና በልቅሶ አይደለም፤ ቃሏ ጥቂት፥ ዓይኗ ግን ብዙ ተናጋሪ ነው። በ2017 ለኦስካር ሽልማት ታጨች፤ ሽልማቱን ሌላ ብታገኘውም።

በ2018 በደብሊን፥ በ2020ም በኒው ዮርክ የሼክስፒርን ሐምሌት፥ ማለት የወንዱን ልዑል፥ ራሷ ሆና ተጫወተች። በአገራችን የቴአትር መጀመሪያ ዘመን ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው ይጫወቱ እንደ ነበር የሚያውቅ ሽማግሌ ይህን ቢሰማ ሳይስቅ አይቀርም። በ2021 «ፓሲንግ» በተባለው ፊልም ነጭ መስላ የምትኖር ጥቁር ሴት ሆነች፤ በ2022ም በብሮድዌይ የማክቤዝን ሚስት ተጫውታ ለቶኒ ሽልማት ታጨች።

እንግዲህ እመቤቴ ሆይ፥ የዚህ ሥራ ገቢ እንደ ወር ደመወዝ የማይታመን መሆኑን አንክድም፤ ስጋትዎም የእናት ስጋት ነው። ልጅዎ ትምህርቷን እንድትጨርስ፥ ሙያውንም በትምህርት እንድትይዘው ያስገድዷት፤ ስለ ጎረቤት አፍ ብለው ግን አይከልክሏት። ይልቁንም አንድ እሑድ ከአቃቂ ወደ መሐል ከተማ ይዘዋት ይውጡና፥ ቴአትር አብረው አይተው ሲመለሱ፥ በመንገድ ላይ የትኛውን ሰው ሆና መጫወት እንደምትወድ ይጠይቋት።